አጎቴ በዶሮ ሌብነት የተያዙ ዕለት

እናቴ አዋላጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኝነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሰው ልጅ ነገር ሲነሳ ግን ሆድና ጀርባ።

"ሰው ሲፈጠር ክፉ ነው" ይላሉ አጎቴ። "ሕግ ባይኖር ኖሮ ገና ቁርስ ላይ እንበላላ ነበር።"

"አንተ ሰውን የምታውቀው ተጣልቶ ሲመጣ ነው" ትላለች እናቴ። "እኔ የማውቀው ገና ወደዚህ ዓለም ሲገባ ነው። እስከ ዛሬ በእጄ ከተቀበልኳቸው አንድም ተንኮል ይዞ የወጣ የለም።"

"ጥርስ ስለሌለው ነው።"

ይህ ክርክር ቤታችን ውስጥ እንደ ጨው የማይጠፋ ነበር። አጎቴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው፣ ጡረታ ሲወጡ እናቴ "ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለብቻህ ግድግዳ ስታይ አትውልም" ብላ ከነመጻሕፍታቸው አምጥታ ከእኛ ጋር አስቀመጠቻቸው። ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሁለተኛው ፎቅ ነው። ለእሳቸው በጓሮ በኩል መስኮት ያለውን ክፍል ሰጠናቸው። የእናቴ ክፍል ከጎኑ ነው። እኔ በመንገዱ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ፤ የምሠራው መነጽር ቤት ስለሆነ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው።

አጎቴ በመጡ በሳምንቱ የበራችን ቁልፍ ሁለት ሆነ። ቁርስ ላይ ከጋዜጣ የሌባውንና የአጭበርባሪውን ዜና እየመረጡ ጮክ ብለው ያነቡልናል። እናቴ በበኩሏ ከተረኝነት ስትመለስ ስልኳን አውጥታ ያዋለደችውን ሕፃን ፎቶ አፍንጫቸው ሥር ትደቅናለች።

"ይሄ ክፉ ነው? እስቲ እየው!"

"ፊቱ ተኮሳትሯል" ይላሉ አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። "አንድ ያሰበው ነገር አለ።"

ጓሮው ውስጥ የአንድ አናጢ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። አናጢው ደረተ ሰፊ፣ ንግግረ ቁጥብ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ የማያወርድ ሰው ነው። የማንም በር ሲላላ፣ የማንም አልጋ እግሩ ሲነቃነቅ ሳይጠሩት የሚመጣ። እናቴ "የደግ ሰው ናሙና" እያለች ነበር የምትጠራው። ይህ ደግ ሰው ታዲያ አጎቴ ከመጡ ከወር በኋላ አንድ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ።

ዶሮው ቀይ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ኩክኔ በአንድ በኩል የተቀደደ። ሲራመድ ሰልፍ የሚጎበኝ ይመስላል። ስለዚህ ሰፈሩ በአንድ ቀን ውስጥ "ሻለቃ" አለው። ሻለቃ የሰዓት ነገር አልገባውም። ሲነጋም ይጮኻል፣ ረፋድም ይጮኻል፣ ምሳ ሰዓትም ይጮኻል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቀን የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ደግሞ ይጮኻል። የሚጮኸውም ከሳንቃው ክምር አናት ላይ ወጥቶ ነው። ክምሩ ደግሞ ልክ ከአጎቴ መስኮት ሥር።

አጎቴን ግን ምንም አላላቸውም። አንድ ጆሯቸው ከድሮ ጀምሮ አይሰማም፤ ሲተኙ በሚሰማው ጆሮ ላይ ጋደም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢደረመስ ግድ የላቸውም። ቀን ቀን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። መከራው የወረደው እናቴ ላይ ነው። ሌሊቱን ቆማ አድራ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች፤ እግሯን ለቅልቃ ጋደም ትላለች፤ ዓይኗ ሊከደን ሲል፣

"ኩኩሉሉሉ!"

ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች። ትራስ ጭንቅላቷ ላይ ደረበች። አንድ ቀን ወርዳ አናጢውን በትሕትና ለመነችው።

"ሲስተር፣ እንስሳ ነው" አላት ዓይኑን ከመላጊያው ላይ ሳያነሳ። "ለእንስሳ ምን ይባላል?"

እናቴ ተመልሳ ስትመጣ "ደግ ሰው ነው፤ ነገሩ አልገባውም እንጂ" አለችን። ዓይኖቿ ግን ቀልተው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሻለቃ ጠፋ።

አናጢው በቆሎ በእፍኙ ይዞ ጓሮውን ሁሉ ዞረ። ከዚያ ወደ መንገድ ወጥቶ "ሻለቃ! ሻለቃ!" እያለ ሲጣራ፣ በዚያ የሚያልፍ አንድ መኮንን ዞር ብሎ "አቤት?" አለው አሉ። በነጋታውም አልተገኘም። አናጢው ሥራ አቁሞ ሳንቃው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ለዶሮ እንዲህ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መሃል ደስ ያላቸው አንድ ሰው ቢኖሩ አጎቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ሲፈኩ አይቻቸው አላውቅም። አዲስ ደብተር አወጡ፤ እርሳስ ቀረጹ።

"ሌባው ከግቢው ውስጥ ነው" አሉ እራት ላይ። "የውጭ ሰው ቢሆን መጀመሪያ መጋዙን ነበር የሚያነሳው። ይሄ ቂም ያለበት ሥራ ነው።"

"ምናልባት ራሱ ሄዶ ይሆናል" አለች እናቴ ሳህኗን እያየች።

"ዶሮ ሻንጣውን ይዞ አይሄድም።"

ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከረሙ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጡረተኛ ሹፌር ሁለት ጊዜ መረመሯቸው፤ ሰውየው "ክቡር ዳኛ፣ እኔ እንኳን ዶሮ ጉንፋንም አልያዝኩም" ብለው በራቸውን ዘጉ። እናቴ ግን በዚያ ሰሞን ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አግኝታ ፊቷ ጽጌረዳ መስሎ ነበር። እኔ አስተውያለሁ፤ ግን "እንኳን ተኛች" ከማለት ያለፈ አላሰብኩም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሱቅ ወርዳ ሳለ አጎቴ ጣታቸውን በእርሳስ መቅረጫ ቆረጡ። እኔ ያን ቀን ቀደም ብዬ ገብቼ ነበር። "የእናትሽ ቦርሳ ውስጥ ፋሻ አይጠፋም" ብለው የሥራ ቦርሳዋን ከፈቱ።  ቀና ብዬ ሳይ በሁለት ጣታቸው አንድ ረጅም ቀይ ላባ ይዘዋል። ከቦርሳው ሥር ደግሞ የበቆሎ ፍሬ፣ እና ሌላም ዶሮ ብቻ የሚተወው ምስክር አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያሸነፉ መስሎኝ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሉት የኖሩት ነገር እጃቸው ላይ ነው። ሰውን ሁሉ ደግ ነው የምትለው እህታቸው ሌባ ሆና ተገኘች። እሳቸው ግን ፊታቸው ዳኛ ሳይሆን የታናሽ እህቱን ጉልበት ደምቶ ያየ ወንድም መሰለ።

"አይተሻል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

"አላየሽም።"

ላባውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ቦርሳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው እንደነበረ አስቀመጡ። ጣታቸው እየደማ መሆኑን ያስታወስኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ማለዳ አጎቴ ቁርስ ሳይበሉ ወጡ። እኔ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ በጓሮ በኩል ባለው በአጎቴ መስኮት ሆኜ ፀጉሬን ሳደርቅ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ በጓሮው በር ሲገቡ አየኋቸው። ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ ካፖርት ለብሰዋል። ካፖርቱ ሆዱ ላይ አብጧል። እብጠቱ ይንቀሳቀሳል።

አናጢው በሩ ጋ አገኛቸው።

"ክቡር ዳኛ፣ አሞዎታል እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ትንሽ ብርድ..." ሲሉ፣ ከኮሌታቸው ሥር አንድ ቀይ ራስ ብቅ ብሎ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀ።

ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ወረድኩ። ስደርስ ግማሹ ሕንፃ ወጥቷል። ጡረተኛው ሹፌር እጃቸውን አጣጥፈው "እኛን ሲመረምሩን ሰነበቱ እኮ!" ይላሉ።

አናጢው ዶሮውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። "ይሄ ሻለቃ አይደለም" አለ። "የሱ ኩክኔ የተቀደደ ነው።"

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለዘመናት ከፊታቸው ቆመው የዋሹትን ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል፤ አንዳቸውም ግን እንዴት እንደሚዋሽ አላስተማሯቸውም።

"ሻለቃን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ስድስት ወር ሙሉ አልተኛሁም። ይሄ ምትኩ ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር አየሁ። አናጢው ፊት ላይ፣ እንቅልፍ ነሳኝ ሲሉት፣ ፈገግታ ብልጭ ብላ ጠፋች። ወዲያው ተኮሳተረ።

"ታዲያ ሻለቃ የት አለ?"

"ሻለቃ..." አጎቴ ወደ ሰማይ አዩ። "በረረ።"

"ዶሮ?"

"ዝቅ ብሎ ነው የበረረው።"

ሰው ሳቀ። አጎቴ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ "ለቅጣቱ ዝግጁ ነኝ" አሉ። በዚህ መሃል እናቴ ከተረኝነት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ወንድም ጋሼ ውሸቱን ነው" አለች። "እኔ ነኝ።"

"አንቺ ዝም በይ! ደክሞሻል፣ የምትናገሪውን አታውቂም!"

"አሳምሬ አውቃለሁ።" ወደ አናጢው ዞረች። "ማክሰኞ መንታ አዋልጄ ነው የመጣሁት። ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። ጋደም ስል ጮኸ፤ ጋደም ስል ጮኸ። ወረድኩ። አንተ ሚስማር ልትገዛ ወጥተህ ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡስ ተሳፍሬ ከከተማው ዳር፣ ባለፈው ወር ያዋለድኳት ሴት ዘንድ ወስጄ ስጦታ ነው ብዬ ሰጠኋት። አውቶቡስ ውስጥ እሱ በጮኸ ቁጥር እኔ እስላለሁ። አንድ ሽማግሌ አዝነው ከረሜላ ሰጡኝ።"

ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲል እሷ እጇን አነሳች።

"አልጨረስኩም። በድካም ነው፣ ሳላስበው ነው ብዬ ልናገር ነበር። አይደለም። እያሰብኩ ነው ያደረግኩት። ስትመለስ ዶሮውን ስታጣ ፊትህን አሰብኩት፤ ደስ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ደስ እያለኝ ነው የሄድኩት። እኔ ይሄን ያህል ዘመን ሰው ደግ ነው ስል፣ ይህቺ ሴትዮ ውስጤ ተቀምጣ ነበር። እሷን ነው የማላውቃት።" ወደ አናጢው ቀረብ አለች። "ይቅርታ አድርግልኝ።"

አናጢው ሳንቃው ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። አዲሱን ዶሮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ይዳብሰው ጀመር። ሌላው ሰው ነገሩ የቤተሰብ እየሆነ መምጣቱን አይቶ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ።

"ሲስተር፣ እንቅልፍ ያጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ?" አለ በመጨረሻ።

"ወንድም ጋሼማ ምን ይሰማል! አንዱ ጆሮው እንደሆነ አይሠራም፤ በደህናው ላይ ነው የሚተኛው።"

አናጢው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ስድስት ወር!" አለ። "ስድስት ወር ሙሉ ሰውየው አልሰማኝም!"

ያኔ ነው የነገረን። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የእንጨት ሥራ ቤቱ ሌላ ሰፈር ነበር። ጣሪያው ወደ መንገድ አንድ ክንድ ያህል ገፍቶ ስለነበር ተከሰሰ፤ ይፍረስ ተባለ። "ጥፋቴ ነው፤ አልካድኩም። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ ነው ያልኩት። ክቡር ዳኛ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም፤ 'ነገ' አሉ። ነገ ፈረሰ። እንጨቴ ሁሉ በዝናብ በሰበሰ። የሙሽራ አልጋ ነበረ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ነበረ።" ወደ አጎቴ ቀና አለ። "እዚህ ሲመጡ አወቅኩዎት። እርስዎ አላወቁኝም። ዶሮውን ገዛሁ። ክምሩን ከወዲያ ጥግ አንስቼ በመስኮትዎ ሥር ደረደርኩት። ሲስተር ስትለምነኝ ደግሞ... እሷ እንደምትጎዳ አይቼ ነበር። ዓይኗን አይቻለሁ። ግን ከክምሩ ላይ አንድ ሳንቃ አላነሳሁም።"

እናቴ "የደግ ሰው ናሙናዬ!" አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

አጎቴ ሄደው ከአጠገቡ ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን አወለቁ። 

"አላስታውስህም" አሉ። "ይሄው ነው እውነቱ። ፋይሉንም፣ አንተንም፣ ዝናቡንም አላስታውስም። ሁለት ሳምንት ብሰጥህ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ምንም። ፍርዱ ልክ ነበር ብዬ ልከራከርህ እችላለሁ፤ ግን ቀና ብዬ አለማየቴ ሕግ ውስጥ የለም። እሱ የራሴ ነው።" እጃቸውን ዘረጉለት። "ይቅር በለኝ።"

አናጢው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጣቸው። የያዘው ዶሮ በመሃል ተጨፍልቆ ጮኸ፤ አጎቴም በደህናው ጆሯቸው በኩል ስለሆነ ሰምተው ዘለሉ። "ይሄ ነው እንዴ ጩኸቱ? እህቴ፣ እስከ ዛሬ እንዴት አላረድሽውም!"

"አየህ!" አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። "የሰው ክፋት እኮ ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ እኔን ዶሮ ገዳይ ሊያደርገኝ ነው።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል" አሉ አጎቴ። በጣታቸው ወደ አናጢው፣ ከዚያ ወደ እናቴ ጠቆሙ። "ቂሙ ያንተ፣ ሳሉ የሷ። ተረቱን ለሁለት ተካፈላችሁት።"

"ለውሸቱስ?" አልኳቸው እኔ።

"ለውሸቱ ተረት አልተገኘለትም።"

ያኔ ሳቅን። አናጢው መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ ዶሮውን እስኪጥል ድረስ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ በእሱ ፒካፕ ሻለቃን ልናመጣ ሄድን። ሴትየዋ የተኛ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ተቀበለችን፤ እናቴ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትየዋ በድንጋጤ "ታዲያ ይውሰዱት እንጂ!" አለች። ጓሮዋ ሰፊ ነው። ሻለቃ አምስት ሴት ዶሮዎችን አስከትሎ በአጥሩ ሥር ይዞራል። ትል ባገኘ ቁጥር ራሱ አይበላም፤ ጠርቶ ለእነሱ ይሰጣል።

"እኔ ጋ እንዲህ አድርጎ አያውቅም" አለ አናጢው።

"አንተ ጋ ማንን ይጥራ?" አሉት አጎቴ። "ብቻውን ነበረ።"

ሻለቃ አጥሩ ላይ ዘሎ ወጣና ጮኸ። ሁላችንም ሕፃኑ ሊነቃ ነው ብለን ትንፋሻችንን ያዝን። ሕፃኑ አንዴ አፉን አላመጠና እንቅልፉን ቀጠለ።

"ይሄን ሳይሰማ አይተኛልኝም" አለች ሴትየዋ። "ቤቱ ጭር ሲል ነው የሚያለቅሰው።"

አናጢው ለረጅም ጊዜ አጥሩን ተደግፎ አየ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ የነበረውን በቆሎ ለዶሮዎቹ በተነ።

"በሉ እንሂድ" አለ። "ሻለቃ ተዛውሯል።"

ስንመለስ እናቴ ከፊት፣ ከአናጢው አጠገብ ተቀምጣ መኪናው ሳይነሳ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና አጎቴ ከኋላ ሳንቃ መጫኛው ላይ ወጣን። አናጢው በመስኮቱ በኩል እየጮኸ አጎቴን ያወራቸዋል፤ ስለ ሰው ክፋትና ደግነት ምን እንደሚያስብ ጠይቀውት ነበር።

"እኔ ጉጥ የሌለው እንጨት አይቼ አላውቅም!" አለ። "ጉጥ አለው ብዬ ከጣልኩት ምን ልሠራ ነው? መላጊያዬን አዙሬ ነው የምልገው!"

"ሰው እንጨት አይደለም!" አሉ አጎቴ መልሰው። "እንጨት ዶሮ አይሰርቅም!"

"እንጨት ለእህቱም አይዋሽም!"

አጎቴ የመኪናውን ጎን ይዘው፣ ነፋሱ የቀረችውን ፀጉራቸውን እያቆመው፣ የሚያልፉትን ቤቶች ያያሉ። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አሉኝ። "ስንት ሺህ እውነተኛ ፍርድ ሰጥቻለሁ። ጠዋት ያንን ውሸት ስዋሽ የተሰማኝን ያህል ግን አንዱም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ ይሄ ምን ይባላል? ሕጉን ካየነው ክፋት ነው። ልቤን ካየነው..." እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ለጊዜው አጥብቀው ይያዙ፤ ከፊት ጉድጓድ አለ።"

ሁለታችንም ዘለልን፤ አጎቴ እንደ ልጅ ጮኸው ሳቁ፤ ከፊት እናቴ እንኳን አልነቃችም።